ሞተር ውስጥ የገባች ብሎን እንዴት ትወጣለች?

«ቅጭል» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ማንኛውም መካኒክ ጎንበስ ብሎ የእጅ ባትሪ ያበራል። እኛ ጋራዥ ግን ከዚያ በፊት የሚሠራ ነገር አለ፤ ረዳቱ የመኪናውን ቁልፍ አምጥቶ ኪሴ ውስጥ ይከትታል፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ራስ ይነቅላል። ባለመኪናው ከጀርባችን ቆሞ «እስቲ አንዴ ላስነሳት?» ማለቱ አይቀርማ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ግማሽ ዙር ቢያዞር እንኳ በትዕግሥት ትወጣ የነበረች ብሎን ቫልቭ (የአየር ማስገቢያና የጭስ ማውጫ በሩን) ታጣምማለች፣ ወይም ፒስተን (ሲሊንደር ውስጥ የሚወጣ የሚወርደውን) ትበሳለች። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና መግፋትም ያው ነው፤ ሞተሩን ያዞረዋል።

ቀጥሎ የወደቀችውን ሳይሆን መንትያዋን ያዙ። ይህንን ለልጆቹ ሳልነግራቸው የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ቪትዝ ላይ ወይም አዲሱ ኮሮላ ላይ ኮይል (ብልጭታ ለሚሰጠው ካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚልከውን) እየፈታችሁ ነው እንበል። እያንዳንዱን ኮይል የምትይዘው ባለ 10 ቁልፍ ብሎን ናት፤ አንዷ ብትወድቅ ሌሎቹ እዚያው አሉላችሁ። አንዷን ፍቱና ማግኔት አስጠጉባት። ከያዛት ብረት ናት፣ ሥራችሁ ቀለል ይላል። ካልያዛት (አሉሚኒየም፣ ነሐስ፣ መዳብ ወይም አብዛኛው ዝገት የማይነካው ብረት ከሆነች) ማግኔቱን ወደ ሳጥኑ መልሱት፤ ሲያንቀሳቅሱ ቢውሉ አይነካትም። ከዚያ መጠኗን እዩ። የአብዛኛው ቤንዚን መኪና የካንዴላ ጥርስ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ራሷ ሰፋ ያለ ብሎን ጭራሽ በዚያ ቀዳዳ አታልፍም። መሞከር ከፈለጋችሁ ግን መንትያዋን በጠንካራ ክር አስራችሁ ብቻ ነው። አለዚያ ሁለት ልትፈልጉ ነው።

አሁን ፈልጉ፣ ግን ከቅርብ ጀምሩ። ቡሶላው (የብሎን መፍቻው ራስ) ውስጥ ተጣብቃ ቀርታ ይሆናል። የቱታችሁን እጅጌ አራግፉ። ከሞተሩ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ እዩ፤ «ሞተር ውስጥ ገባች» ከተባሉት ብዙዎቹ የሚገኙት እዚያ ላይ ተኝተው ነው። ሮንዴላ (ከብሎን ራስ ሥር የምትገባ ቀለበት) ደግሞ ዘይት ከነካት የትም ትለጠፋለች፤ አንዳንዴ ከጣታችሁ ጀርባ ታገኟታላችሁ።

ካልተገኘች የት እንደገባች መለየት ነው። ካንዴላው ሳይፈታ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀች እግዜር ይስጥልኝ በሉ፤ ከታች ተዘግቷል። በረጅም ማግኔት አውጧት፤ እስክትወጣ ድረስ ካንዴላውን እንዳትነኩ። የአዲስ አበባ አቧራ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚከማች፣ ብሎኗ ከወጣች በኋላ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍናችሁ በኮምፕሬሰር ንፉት። ብሎኗ እያለች ግን አትንፉ፤ ወዴት እንደምትሄድ አታዙባትም።

ካንዴላው ተፈትቶ ሳለ ሲሊንደር ውስጥ ከገባች ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩት ሥራ ነው። ስልክ ላይ የምትሰካዋ ቀጭን ካሜራ እዚህ ዋጋዋን ትመልሳለች፤ 5.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት በካንዴላ ቀዳዳ በደንብ ትገባለች። በጭፍን ከመቆፈር በፊት ብሎኗ የት ጥግ ላይ እንዳለች እዩ። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፣ ማግኔት አይዘውም። የሲሊንደሩ ግድግዳ ግን ብረት ነው፤ ማግኔቱ በገባ ቁጥር ግድግዳው ላይ እየተለጠፈ ያናድዳችኋል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ማግኔቱ ላይ ልክ የሚሆን የቤንዚን ቱቦ ቆርጣችሁ አልብሱት፣ ጫፉ ብቻ ወጣ ይበል። ያኔ ጎኑ ግድግዳውን አይነክስም።

ማግኔት የማይይዛት ከሆነች ወፍራም ግራሶ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ አድርጉና ተጫኗት፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሞተሩ ግን ይቀዝቅዝ፤ በትኩስ ሞተር ግራሶው ቀልጦ ይፈስሳል። ቀጭን ቱቦ ከቫኪዩም ጋር አያይዞ መምጠጥም ይሠራል፤ ቱቦው መሐል ላይ ሻሽ ጣል አድርጉበት፣ ብሎኗ መውጣቷን እንድታዩ። ሆኖም የቤንዚን ሽታ ካለ አታስቡት! የቫኪዩሙ ሞተር ውስጡ ብልጭታ አለው፣ የቤንዚን ትነት ስባችሁ ካስገባችሁበት እሳት ነው።

ብሎኗ ሩቅ ከሆነች ፒስተኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍቱ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ከታች ያለውን ትልቁን ፑሌጃ (ቀበቶ የሚዞርበትን መዘውር) በቁልፍ በእጅ አዙሩ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ። አውራ ጣታችሁን ካንዴላው ቀዳዳ ላይ አድርጉ፤ አየር ሲገፋችሁ ሁለቱም ዓይነት ቫልቮች ዝግ ናቸው ማለት ነው፣ ብሎኗ ከቫልቭ ሥር አትገባም። ጫፍ ድረስ አትሂዱ። ትንሽ እንኳ ከከበደባችሁ ብሎኗ በፒስተኑና በቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ባለው የሞተር ራስ) መሐል ተይዛለች፤ አቁሙ፣ ወደ ኋላ መልሱ። ጉልበት የሚያሳይ ልጅ እዚህ ሥራ ላይ አላስጠጋም።

የቴስታታው ክዳን ተነስቶ ካቴናው (የቫልቮቹን ሥራ የሚነዳው ሰንሰለት) ባለበት በኩል ከወደቀች ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ሞተሩን በእጅም አታዙሩ። ብሎን ካቴናውና ጥርሱ መሐል ከገባች ታይሚንጉ (የቫልቭና የፒስተን ቅንጅት) ይዘላል፣ ከዚያ ወዲያ ቫልቭ ነው የምትገዙት። በካሜራ የካቴናውን መንገድ እያያችሁ ማግኔቱን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። ከጠፋች ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ናት ብላችሁ ተስፋ አድርጉ፤ ዘይቱን በንጹሕ ወንፊት አፍስሱ፣ በማፍሰሻው ቀዳዳ ማግኔት አስገቡ። ካልመጣች ኮፓው ይወርዳል። ብዙ የቶዮታ ኮፓዎች በጓርኒሲዮን (በማሸጊያ ንጣፍ) ሳይሆን በሲሊኮን ስለሚታሸጉ አሮጌውን ፍቃችሁ አጽዱ፣ አዲሱ በደንብ ሳይደርቅ ዘይት አትሙሉ።

«ኮፓ ውስጥ ብትቀመጥ ምን ታመጣለች፣ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ይይዛታል» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ወንፊቱ ብሎን ወደ ዘይት ፓምፑ እንዳያልፍ መያዙ እውነት ነው። ግን ኮፓ ድረስ መውረዷን ማን አየ? ካቴናው መምሪያ ላይ ተንጠልጥላ ይሆናል። እጄ ላይ ሳትገባ መኪና አላስረክብም።

ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል) ላላቸው ለድሮ ዲኤክስ ኮሮላ ባለቤቶች አንድ ነገር ብቻ፦ የአየር ማጣሪያው ክዳን ላይ ያለችው ክንፍ ያላት ዳዶ (የብሎን ማጥበቂያ) ካርቡሬተሩ ውስጥ ከወደቀች ቤንዚን መስጫውን እንዳትረግጡ። መዝጊያ ሳህኗ ላይ ተቀምጣ ይሆናል፤ ከረገጣችሁ ሳህኗ ተከፍታ ወደ ውስጥ ትለቃታለች።

ስትወጣ ከመንትያዋ ጎን አስቀምጧት። ርዝመቷ እኩል ነው? ሮንዴላዋስ አብራ አለች? አንዱ ከጎደለ ሥራው አላለቀም። ሙሉ ከሆነች ካንዴላዎቹ እንደተፈቱ ፑሌጃውን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ቫልቮቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ተከፍተው የሚዘጉት በሁለት ዙር ነው። ምንም ካልያዘ ካንዴላዎቹን ግጠሙ፣ የባትሪውን ራስ መልሱ፣ ቁልፉን ከኪሴ ውሰዱ።

ሁሉም ተሞክሮ ካልወጣች ቴስታታው ይነሳል። ያን ከመጀመራችሁ በፊት ባለመኪናውን ጠርታችሁ ምን እንደወደቀ፣ የት እንዳለና የአዲሱ ጓርኒሲዮን ወጪ በማን እንደሆነ ንገሩት። ወጪው በጋራዡ ነው።