ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን ያለ ቴስተር በድንች መለየት

የሶላር ፓኔል ወይም የ12 ቮልት ባትሪ ገመዶች ሁለቱም ጥቁር ሆነው ፖዘቲቩ የትኛው እንደሆነ በማይታወቅበት ጊዜ፣ ቴስተር ከሌለ አንድ ጥሬ ድንች ይበቃል። ድንቹን ለሁለት ቆርጦ፣ የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ ልጦ፣ እርስ በርስ እንዳይነካኩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በማራራቅ በተቆረጠው ገጽ ላይ መሰካትና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ድንቹ በዙሪያው አረንጓዴ የሚሆንበት ሽቦ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ነጭ አረፋ የሚወጣበት ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ፓኔል ከሆነ ፀሐይ ላይ መዋል እንዳለበት አይዘንጋ።

ቀጥተኛው ጅረት፣ ማለትም ዲሲ፣ ምንጊዜም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚፈስ፣ በፖዘቲቩ በኩል ያለው መዳብ ቀስ በቀስ እየሟሟ የድንቹን ጭማቂ ያቀልመዋል፤ በኔጌቲቩ በኩል ደግሞ ከድንቹ ውሃ ሃይድሮጅን ይለቀቃል። ተለዋዋጩ ጅረት፣ ኤሲ፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ስለሚፈስ እንዲህ ያለውን የጎን ልዩነት አያሳይም። ስለዚህ ጽሑፉ የጠፋ የድሮ አዳፕተር ዲሲ የሚያወጣ መሆኑንም በዚያው ማረጋገጥ ይቻላል።

አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ከመዳብ በመሆኑ በአሉሚኒየም ሽቦ አይታይም፤ ያን ጊዜ አረፋውን ብቻ መከተል ነው። ከግድግዳ ሶኬት በሚመጣ 220 ቮልት ግን ይህ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ይገድላል። መዳብ የገባበት ድንች ስለማይበላ ይጣላል።