ለሐይቅና ለባቲ መንገድ ርካሽ የበረዶ ሳጥን እንዴት ይመረጣል?

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ማታ በረንዳ ላይ ያደረ ውኃ ጠዋት ጥርስ ይነቅላል። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻን አልፋችሁ ወደ ባቲ ስታቀኑ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ወደ ሚሌ ከቀጠላችሁማ የመኪናው ውስጥ ምድጃ ነው። ለዚህ መንገድ፣ ወይም በበጋ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ለማደር፣ ውድ አይስ ቦክስ አያስፈልግም። ርካሹን በዓይን ሳይሆን በእጅ መርምሮ መግዛትና በረዶውን በልክ ማዘጋጀት ይበቃል።

መጀመሪያ መጠኑን ወስኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚይዘውን መጠጥ ብቻ ቆጥሮ በረዶውን ሲረሳ ነው። ከሳጥኑ ሲሶው የበረዶ ነው። ለአራት ሰው የቀን ጉዞ 25 ሊትር ይበቃል፤ አራት ባለ 2 ሊትር የበረዶ ጠርሙስ፣ ደርዘን ባለ ግማሽ ሊትር ውኃና ትንሽ ምግብ ይይዛል። ለማደር ከሆነ ከ35 እስከ 40 ሊትር ያለውን ፈልጉ። ከዚያ የሚበልጠው ሲሞላ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው፤ ቪትዝ ያለው ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ በሜትር ይለካ።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ባዶ ባለ 2 ሊትር የውኃ ጠርሙስ፣ አንድ ወረቀትና ስልካችሁን ያዙ። ጠርሙሱን ሳጥኑ ውስጥ አቁሙትና ክዳኑን ግጠሙ። ካልገጠመ ጠርሙሱ ተጋድሞ ነው የሚጓዘው፣ ቦታም ይፈጃል። ቀጥሎ ወረቀቱን በክዳኑና በአፉ መካከል አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ክዳኑ አየር ያስገባል። አራቱንም ጎን ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚከዳው በማጠፊያው በኩል ያለው ነው። የስልኩን መብራት አብርታችሁ ውስጡ አስቀምጡና ጨለም ባለ ቦታ ክዳኑን ዝጉ፤ ብርሃን የሚወጣበት ሁሉ ሙቀት ይገባበታል።

ከዚያ አንኳኩት። ፎም ያለው ግድግዳ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው እንደ ጀሪካን ይጮኻል። የርካሽ ሳጥን ትልቁ ጉድ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ግድግዳው ፎም ኖሮት ክዳኑ ባዶ ፕላስቲክ የሆነ ሞልቷል። ሳጥኑን በዚህ ምክንያት መተው የለባችሁም። ዋጋውን ተከራክራችሁ ግዙና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም በክዳኑ ልክ ቆርጣችሁ ከውስጥ ለጥፉበት፤ ሲዘጋ እንዳይነካካ ከአፉ ዙሪያ ትንሽ አሳንሱት። ውኃ ማፍሰሻ ካለው ቡሹ ጎማ እንዳለው እዩ፤ ጎማው ከጠፋ መኪናችሁ ምንጣፍ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ማለትም ውኃውን።

የነጭ ፎም ሳጥን ከሁሉ ይረክሳል፤ ግድግዳው 3 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ቅዝቃዜ በመያዝ ከብዙ የፕላስቲክ ሳጥን አያንስም። ድክመቱ መሰበሩ ነው። ካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ ዙሪያውን በስኮች ብታስሩት ብዙ ጉዞ ያገለግላል። መድኃኒት ወይም ኬሚካል የመጣበትን አሮጌ ሳጥን ግን ለምግብ አትጠቀሙ። ከመኪና ሲጋራ መለኮሻ ኃይል የሚወስደው ርካሹ የኤሌክትሪክ ዓይነት ለዚህ መንገድ አይመከርም። ውስጡን ከውጭው አየር ቢበዛ በ20 ዲግሪ ገደማ ነው የሚያወርደው፤ 40 ዲግሪ ላይ ይህ ለብ ያለ ለስላሳ ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲሠራ ካደረ ደግሞ ጠዋት መኪናው የሚነሣው በግፊ ነው።

አሁን ወደ በረዶው። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚውጠው ሙቀት አንድ ኪሎ ውኃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ የሚያደርሰውን ያህል ነው። በዚህ ሒሳብ 25 ዲግሪ የሆነ 10 ሊትር መጠጥ ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ 2 ኪሎ ተኩል በረዶ ይቀልጣል። ያ በረዶ የሚጠፋው ገና መንገድ ሳትጀምሩ ነው። ስለዚህ መጠጡን ቀድማችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ፤ ደሴ ከሆናችሁ በረንዳም ይረዳል። ሳጥኑንም ባዶውን ክፍት አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ሳጥን የመጀመሪያውን በረዶ ለራሱ ይበላል።

በሃይላንድ ጠርሙስ የረጋ ውኃ ከተከተፈ በረዶ ይሻላል፦ ቶሎ አይቀልጥም፣ ሲቀልጥም ይጠጣል፣ ምግብ አያርስም። ውኃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ባለ 2 ሊትሩ ላይ 1.8 ሊትር ብቻ ሙሉ። እስከ መሐሉ የሚረጋው ሙሉ ቀንና ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ሲቆይ ነው፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሩ። ጠርሙሱን ነቅነቅ ስታደርጉት ውኃ ከተንቦጫረቀ አልደረሰም።

ስትጭኑ ሁለት የበረዶ ጠርሙስ ከታች፣ ሁለቱ ከላይ ይሁኑ፤ ቅዝቃዜ ቁልቁል ይወርዳልና የላዮቹ ይበልጥ ይሠራሉ። ጥሬ ሥጋ በሁለት ፌስታል ታስሮ ከታች ይቀመጥ፤ ደሙ እርጎውና ፍራፍሬው ላይ እንዳይንጠባጠብ። ባዶ ቦታ ካለ በጋዜጣ ወይም በፎጣ ድፈኑት። ሳጥኑ ላይ ጋቢ ጣል አድርጉና ከፀሐይ በኩል በማይሆነው ወንበር ሥር አስቀምጡት፤ ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን በረዶውን ለፀሐይ መስጠት ነው። ለመንገድ የሚጠጣውን በሌላ ትንሽ ቦርሳ ለዩት፤ ልጆች በየኪሎ ሜትሩ ክዳን ሲከፍቱ ሚሌ ሳይደረስ በረዶው ያልቃል።

ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ከደሴ ተከድኖ ባቲ ሲደርስ ጭምድድ እንደሚለው፣ አጥብቆ የሚዘጋ ሳጥንም ቁልቁል ወርዳችሁ ስትከፍቱት ይጣበቃል። ክዳኑን በጉልበት አትሳቡ፤ የማፍሰሻውን ቡሽ ትንሽ ፈታ አድርጋችሁ አየር አስገቡ።

ሐይቅ ዳር ካደራችሁ ሳጥኑ ሌሊት መኪና ውስጥ ይግባ፤ የሥጋ ሽታ ጅብ ይጠራል። በረዶው አልቆ ሥጋው ከሁለት ሰዓት በላይ ሞቆ ከቆየ አትብሉት፤ በበረሓ ሙቀት አንድ ሰዓትም ብዙ ነው። ዓሣ ገዝታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በፌስታል ታስሮ በረዶው መሐል ይግባ፤ የቀለጠውን ውኃም በየጊዜው አፍስሱ። ቤት ስትደርሱ ሳጥኑን በሳሙናና በሎሚ እጠቡት፤ የክዳኑን ጎማ አውጥታችሁ ለብቻው አድርቁት። ተዘግቶ የተቀመጠ እርጥብ ሳጥን የያዘውን የዓሣ ሽታ እስከሚቀጥለው ጉዞ አይለቅም።