ከወሎ ሆናችሁ ለፊልማችሁ የውጭ ፈንድ እንዴት ታመለክታላችሁ?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ጥሩ ታሪክ ያላቸው ፊልም ሰሪዎች አሉ። ፊልማቸው ድንበር እንዲሻገር የሚያግዝ ገንዘብም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ወረቀቱ ነው።

1. ፈንዱን እንደ ፊልሙ ደረጃ ምረጡ። ገና ስክሪፕት ላይ ከሆናችሁ የሮተርዳም ፊልም ፌስቲቫል የሚሰጠውን ሁበርት ባልስ ፈንድ ተመልከቱ። ለዘጋቢ ፊልም የአምስተርዳሙ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል (ኢድፋ) የሚሰጠው ኢድፋ በርታ ፈንድ አለ። ለቀረጻ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የበርሊን ፊልም ፌስቲቫሉ (የበርሊናሌው) ወርልድ ሲኒማ ፈንድ አለ፤ እሱ ግን ጀርመናዊ አጋር ፕሮዲዩሰር ይፈልጋል።

2. ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይኑራችሁ።

3. ታሪኩን በአንድ አንቀጽ ጻፉ። «ፊልሙ ስለ ፍቅርና መቻቻል ነው» ብትሉ አንባቢው ምንም አይታየውም። «ሰኞ ጠዋት፣ ባቲ ገበያ። አባቷ የሞተባት ልጅ የቤተሰቡን የመጨረሻ ግመል ልትሸጥ መጥታለች። የመጀመሪያው ገዢ ግን ግመሉን ያውቀዋል» ብትሉ ቀጥሎ ያለውን ማንበቡ አይቀርም። ፈረንጅ ይወደዋል ብላችሁ ድህነቱን አታጋንኑ። ያስታውቃል፤ ለአገሬው ሰውም ክብር አይደለም።

4. መብቱን በጽሑፍ ያዙ። ብዙ ጥሩ ሥራ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የአምባሰል ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። በማሲንቆ አምባሰልን የተጫወተላችሁ ሰው አጨዋወት ግን የራሱ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችንም (የሚጫወቱና የሚዘፍኑ ሰዎችን) መብት ይጠብቃል። ስለዚህ ውል ተፈራረሙ። ለፌስቲቫል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለኢንተርኔት፣ በየትኛው አገር፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ብር? ሁሉም ይጻፍ። ባለሙያው አዛውንት ከሆኑ ውሉን አንብቡላቸው፣ አስረዷቸው፣ ቅጂውንም ስጧቸው። ታሪኩን ከሰው ሕይወት ከወሰዳችሁም እንደዚሁ ነው።

5. በጀቱን ዘርዝሩ። «መጓጓዣ» ብሎ አንድ ድምር ማስቀመጥ አይበቃም። ከደሴ ባቲ ስንት ቀን ትመላለሳላችሁ? የሚኒባሱ ኪራይ፣ ነዳጁና የሹፌሩ አበል ለየብቻ ይግባ። የራሳችሁን ካሜራ የምትጠቀሙ ከሆነ ኪራዩን ገምታችሁ የእናንተ መዋጮ አድርጉት። ኤዲቲንግ፣ ድምፅና የትርጉም ጽሑፍ አይረሱ።

6. አጋር ፈልጉ። በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከኖርዌይ ፕሮዲዩሰሮች ጋር የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት ፊልም ሰሪዎችና ፕሮዲዩሰሮች የሚገናኙበት የደቡብ አፍሪካው የደርባን ፊልም ማርት አለ። የምታገኙትን ፕሮዲዩሰር ከዚህ በፊት የሠራውን ፊልም አይታችሁ ቅረቡት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ኢሜይል መላክ ውጤት የለውም።

7. ቀነ ገደቡን ከፈንዱ ድረ ገጽ አረጋግጡ፤ ሰዓቱ የአውሮፓ መሆኑንም ልብ በሉ። መብራትም ኔትወርክም ሊጠፋ ስለሚችል ማመልከቻውን ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ላኩ። መድረሱን የሚገልጸውን መልእክት አስቀምጡት፤ ጥያቄ ሲኖራችሁ የማመልከቻ ቁጥራችሁ እዚያው ላይ ይገኛል።