የሩቅ መንገድ ሞተር ሳይክል ሲያሟሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሌ፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ አፋር ለመጓዝ የሚሰናዳ ሞተረኛ ገንዘቡን ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ለዓይን በሚታይ ነገር ላይ ነው። የአሉሚኒየም ሣጥን፣ ባውዛና ድምፀ ትልቅ ማርሚታ ይገዛል፤ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከሙትን ሞላዎችና መሬቱን የሚይዙትን ጎማዎች ግን እንደነበሩ ይተዋቸዋል። ከዚህ በታች የምገልጻቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የዚህ ቅደም ተከተል መዛባት ውጤቶች ናቸው።

ከሁሉ የከፋው፣ አስቀድሞ ትልቅ ሣጥን ገዝቶ ከዚያ በኋላ ሣጥኑን የሚሞላ ዕቃ መፈለግ ነው። እያንዳንዱ ሞተር ሳይክል ሊሸከም የሚችለው ክብደት በፋብሪካው ተወስኗል፤ ቁጥሩም በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል፤ ሆኖም ያንን ገጽ ገልጦ ያነበበ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። በውኃ የሚቀዘቅዘውን ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ እንመልከት። ሰልባትዮው ሞልቶ 238 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 450 ኪሎ ግራም በመሆኑ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው 212 ብቻ ነው። ከነልብሱና ከነሄልሜቱ 90 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂና 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳፋሪ ሲቀመጡበት 57 ይተርፋል። ባዶዎቹ ሣጥኖች ከነማሰሪያ ብረታቸው 20፣ የጎንና የሆድ መከላከያ ብረቶች 10 ኪሎ ግራም ቢወስዱ፣ ለድንኳን፣ ለውኃ፣ ለመፍቻና ለልብስ የሚቀረው 27 ኪሎ ግራም ነው። ይህ እንግዲህ ጉልበተኛ ከሚባሉት የአንዱ ስሌት ነው፤ በከተማችን በብዛት የሚታዩት አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች የሚፈቅዱት ጭነት ከዚህ በእጅጉ ያንሳል፤ ሰዎች ግን ያንኑ ሣጥን ይገጥሙባቸዋል።

ጉዳቱ በክብደት ብቻ አያበቃም። በኮረኮንች ላይ ሚዛኑን የሳተ ሰው ሳያስበው እግሩን መሬት ላይ ያሳርፋል፤ ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ሲገፋ ያ እግር ከሣጥኑ ሥር ይገባና ቁርጭምጭሚት ይሰበራል። ሣጥኑ ከኋላ ጎማ መሐል አልፎ ወደ ኋላ በተንጠለጠለ መጠን ደግሞ የፊት ጎማው ይቀልላል፤ ማኑብሪውም በፍጥነት ላይ መርገብገብ ይጀምራል። ስለዚህ ጀማሪዎችን አጥብቄ የምመክረው ከወፍራም ሸራ የተሠራ፣ ወደ ፊት ቀረብና ዝቅ ብሎ የሚታሰር ለስላሳ ሻንጣ እንዲመርጡ ነው። ቢወድቅ አይጣመምም፤ ቢቀደድም በየትኛውም የወረዳ ከተማ ያለ ጫማ ሰፊ ይሰፋዋል።

የሣጥን ማሰሪያን በሻንሲው ላይ ማስበየድ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በመርካቶ፣ በምናለሽ ተራና በአካባቢው ያሉ የብረት ሠራተኞች የእጅ ጥበብ የሚያስደንቅ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሥራውን በሚያዘው ሰው ላይ ነው። ብየዳው የነካው ብረት ጠባዩን ስለሚለውጥ ከጊዜ በኋላ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ጎን ነው። አንድ ወጣት በኮምፒዩተር የሚሠራ ሞተር ሳይክሉን ባትሪው ሳይነቀል አስበይዶ፣ ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ አልነሣ ብሎት በፒክ አፕ ጭኖ ወደ ጋራዥ ሲያመጣው አይቻለሁ። የብየዳው ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተሩን አቃጥሎት ነበር፤ ምትኩም በአገር ውስጥ ስላልተገኘ ከውጭ እስኪመጣ ጉዞው ቀረ። ሠራተኛው ማሰሪያውን ለብቻው እንዲበይደው፣ ከዚያም ፋብሪካው ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች በብሎን እንዲያስረው ይጠይቁት፤ በደስታ ይሠራዋል።

ጭነት የጨመረ ሰው ሞላውን አለማስተካከሉ የተለመደ ቸልተኝነት ነው። ነጂው ከነሙሉ ጭነቱ ሲቀመጥ የኋላው ክፍል ከጠቅላላ የመውረጃ ርቀቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ ማለት ይገባዋል። ሞላው እስከ መጨረሻው ጠብቆም ከዚያ በላይ የሚወርድ ከሆነ በጠንካራ ሞላ መተካት አለበት፤ ከሣጥኑና ከባውዛው በፊት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው። ያልተስተካከለ ሞላ ሌላም ጣጣ አለው፤ ኋላው ሲወርድ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ይነሣና በሌሊት ከፊት የሚመጣውን ነጂ ዓይን ያጠፋል።

ባውዛን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ዲናሞው ስንት ዋት ያመነጫል የሚለው ነው። ሱዙኪ ዲአር 650 የሚያመነጨው 200 ዋት ገደማ ነው፤ የሮያል ኤንፊልድ ሂማላያን 411ም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። የፊት መብራቱ ብቻ እስከ 60 ዋት ሲወስድ፣ ባለ 55 ዋት ሁለት ባውዛዎች ተጨማሪ 110 ዋት ይጠይቃሉ። በምሽት ከሜክሲኮ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ በመጨናነቅ ውስጥ ሲያዘግሙ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ይህ ዲናሞ ከዚያም ያነሰ ያመነጫል፤ ጉድለቱን የሚሸፍነው ባትሪው ነው። ሁሉንም መብራት አብርተው ሞተሩን መካከለኛ ዙር ላይ አድርገው ባትሪውን ቢለኩት ከ13.5 ቮልት በታች ካሳየ ጭነቱ በዝቷል። ኤልኢዲ ባውዛ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። ሽቦውን ያለ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት ግን እሳት ማስነሣት ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግም።

ማርሚታ በመቀየር ጉልበት ለማግኘት የሚደክሙ ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተመሠረተች በመሆኗ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ጉድለት የትኛውም ማርሚታ አይመልሰውም። ለዳገት መውጫ የፊቱን የካቴና ማርሽ አንድ ጥርስ በሚያንስ መተካት በጥቂት ብር የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ያላቸው ሞተር ሳይክሎች ደግሞ የባሰ አደጋ አለባቸው። ለአዲስ አበባ ስስ አየር ተብሎ ቤንዚኑን የሚያሳልፈው ተነቃይ ቀዳዳ በጠባብ ከተተካ በኋላ፣ በዚያው ቀዳዳ ወደ ሠመራና ከባሕር ወለል በታች ወደሆነው የዳሎል ረባዳ የሚወርድ ሰው፣ አየሩ ወፍሮ ቤንዚኑ ስለሚያንሰው ሞተሩን ከመጠን በላይ ያግለዋል። የተነሣውን ትልቁን ቀዳዳ ይዞ መውረድ፣ አዋሽ ላይም መቀየር ይገባል። ቤንዚን በኢንጀክሽን የሚረጩት ይህን ለውጥ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ከዚህ ጭንቀት ነጻ ናቸው።

ጎማ ሲመርጡ ጥርሱ የጎላውን ለመልኩ ብሎ መግዛት ያስቆጫል፤ መንገዱ በአብዛኛው አስፋልት ከሆነ እንዲህ ያለው ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይም ይንሸራተታል። ካላማዳሪ የሚጠቀም ቸርኬ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ጎሚስታ በሌለበት እንኳ በራሱ እጅ ሊለጥፈው ይችላል። ፊቱ 21፣ ኋላው 18 ኢንች ከሆነና መያዝ የሚቻለው አንድ ትርፍ ካላማዳሪ ብቻ ከሆነ የ21ዱን ይያዙ፤ በችግር ጊዜ ኋላም ይገባል፤ የኋላው ግን ለፊት አይሆንም።

የሆድ መከላከያ ብረት ከሞተሩ ኮፓ ጋር ተጣብቆ ከተገጠመ የድንጋዩን ምት በቀጥታ ስለሚያስተላልፍ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር፤ የዘይት ማፍሰሻውም ቀዳዳ አይረሳ። ማኑብሪውን ከፍ ያደረገ ሰው ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሮ ገመዶቹና የፍሬን ቱቦው አለመወጠራቸውን ይመልከት። እግሬ መሬት አልነካ አለኝ ብሎ ሞተር ሳይክሉን ዝቅ ማስደረግ አይመከርም፤ መቀመጫውን ማስቀነስ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ሁሉንም በአንድ ሳምንት አስገጥሞ በማግስቱ ረጅም መንገድ መጀመር አይገባም። ሙሉ ጭነቱን ጭነው ከፒያሳ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይውጡ፤ ሲመለሱ ዋናውን አስፋልት ትተው በየሰፈሩ የኮብልስቶን መንገዶች ይንዱት፤ ንዝረቱ የላላውን ሁሉ ያጋልጣል። ብሎኖቹን በልካቸው ካጠበቁ በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ የሚዘልቅ ቀጭን የቀለም መስመር ያስምሩባቸው፤ መስመሩ የተቆረጠበት ብሎን ዞሯል ማለት ስለሆነ፣ በየጠዋቱ ከመነሣትዎ በፊት ያለ መፍቻ በዓይን ብቻ ይለዩታል።