የዓይን ሌንስ ልታስገቡ ነው? መጀመሪያ ሜትር አውጡ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። ሁለታችንም የዓይን ሞራ ተገፎልናል፤ በቦታው የገባልን ሰው ሠራሽ ሌንስ ግን ለየቅል ነው። እኔ ባለ ሦስት ርቀቱን ትራይፎካል አስገባሁ፣ እሱ ባለ አንድ ርቀቱን ሞኖፎካል። ሁለታችንም አልተሳሳትንም።

ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ሜትር አውጡ። በየቀኑ የምትሠሩትን ሥራ አስቡና ከዓይናችሁ እስከዚያ ያለውን ርቀት ለኩ። የእኔ እንዲህ ነበር፦ ዳዊት ስደግም 40 ሴንቲ ሜትር፣ ኮምፒዩተር ላይ 65፣ ክር በመርፌ ሳስገባ 25። ወረቀቱን ለሐኪሙ ስጡት። «ሁሉንም ማየት እፈልጋለሁ» ከማለት በጣም ይሻላል። ትራይፎካል ብርሃኑን ለሩቅ፣ ለመካከለኛና ለቅርብ ይከፋፍለዋል። ቅርብ የሚባለው ግን 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

እኔ ይህ በደንብ የገባኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው። ጥለት ልሰፋ ተቀምጬ መርፌዋን እንደ ልማዴ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። ቀዳዳዋ ጠፋች። ክው አልኩ። እጄን ቀስ እያልኩ ሳርቀው፣ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ቀዳዳዋ ቁልጭ ብላ ታየችኝ። ዛሬም ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ስሰፋ መብራት እጨምራለሁ፣ መነጽርም አደርጋለሁ። ዳዊቴን ግን ያለ መነጽር እደግማለሁ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማታ የምትነዱ ከሆነ ትራይፎካልን ደጋግማችሁ አስቡበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱ የትራፊክ መብራት ዙሪያውን ቀለበት ነበረው። አእምሮ እየለመደው ሲሄድ በወራት ውስጥ ቀነሰልኝ፤ የማይቀንስላቸውም አሉ። ባለቤቴ ሞኖፎካሉን ለሩቅ ያስደረገው ለዚህ ነው። ደረሰኝ ሲያነብ መነጽሩን ያወጣል፣ ምንም አልከበደውም።

ሐኪሙ ለሌንሱ ዓይናችሁን ከመለካቱ በፊት የዓይን ድርቀት ካለ ይታከም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ዓይኔ ደርቆ ሳለ ለካኝ። ሌላ ቦታ ጠብታ ሰጥተውኝ ከሳምንታት በኋላ ሲለኩኝ ቁጥሩ ተለወጠ። በመጀመሪያው ልኬት ሌንስ ቢገባልኝ ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉም ስንት ቀን ቀድማችሁ ማውለቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ። ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ወይም የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ሕመም ካለባችሁ ደግሞ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ብርሃን የሚከፋፍል ሌንስ ላይስማማችሁ ይችላል።

ገንዘቡንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) የሚሸፍነው የተለመደውን ሌንስ ነው፣ የትራይፎካሉን ጭማሪ ከኪሴ ከፈልኩ።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታችሁ እንደገና ቢደበዝዝ ሞራው ተመለሰ ብላችሁ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ነው። ሐኪሙ አይቶ ያ መሆኑን ካረጋገጠ፣ በሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍተዋል።