ኢዲቲኤን በልኩ መጠቀም፦ ከሻምፖ በርሜል እስከ ፋብሪካ ቦይለር

ፈሳሽ ሳሙና ወይም ሻምፖ በአነስተኛ ደረጃ የሚያመርት ሰው አረፋ ሰጪና አጣቢ ከሆኑት ከቴክሳፖንና ከላብሳ እንዲሁም ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አንድ ነጭ ዱቄት መግዛቱ አይቀርም፤ ዱቄቱም ኢዲቲኤ ይባላል። ብዙ አምራቾች በልማድ አንድ ሁለት ማንኪያ ይጨምሩበታል፣ ምክንያቱን ሲጠየቁ ደግሞ ሳሙናው እንዳይበላሽ ነው ይላሉ። መልሱ ስህተት ባይሆንም ልኩን አይነግረንም፤ ልኩን በዋነኛነት የሚወስነው በርሜሉ ውስጥ የገባው ውሃ ነውና።

ኢዲቲኤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 በጀርመናዊው ኬሚስት በፈርዲናንድ ሙንዝ የተሠራ ነው። ሥራው በውሃ ውስጥ የሟሙትን ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ብረትና መዳብ በስድስት በኩል አቅፎ መያዝ ነው፤ የተያዘው ማዕድን ውሃው ውስጥ ቢኖርም ከሳሙናው ጋር አይጣላም። ብረትንና መዳብን ከካልሲየም እጅግ አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ ይህም ጠቃሚ ነው፤ ሽቶን የሚያጠፉት፣ ቀለምን የሚያደበዝዙትና ዘይትን የሚያሻግቱት በጣም ጥቂት ሆነው እንኳ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከዚህም በላይ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን የውጭ ሽፋን ስለሚያላላ ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመረው መከላከያ ኬሚካል በቀላሉ እንዲገድላቸው ያግዛል።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ በመልክ አይለዩም፣ በጠባይ ግን ይራራቃሉ። ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ በውሃ ሲበጠበጥ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ፣ ከዚያ በታች አሲዳማ ነው) ከ4 እስከ 5 አካባቢ ሲሆን፣ ቴትራሶዲየም ኢዲቲኤ ግን ወደ 11 ይጠጋል። ይህን ልዩነት የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ጊዜ ሻጩ "ያው ነው" ብሎ የሰጠኝን ቴትራሶዲየም በሻምፖ ውስጥ ጨመርኩ፤ የዚያን ዕለት ፒኤቹን ሳልለካ አሸግኩት። በሦስተኛው ሳምንት ከክዳኖቹ ሥር ጥቁር ሻጋታ ተገኘ። መከላከያ አድርጌ የተጠቀምኩት ሶዲየም ቤንዞዌት በአሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነበርና፣ ፒኤቹ ከፍ ሲል ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ስለዚህ ለሻምፖና ለቅባት ዳይሶዲየሙ፣ ለደረቅ ሳሙናና ለጽዳት ፈሳሾች ቴትራሶዲየሙ ይመረጣል።

ወደ መጠኑ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም የሟሙበት ካልሲየምና ማግኒዚየም ብዛት፣ ይታወቅ። መመርመሪያ ወረቀት ወይም የውሃ ላቦራቶሪ ሊረዳ ይችላል፤ ቢዩሬት (ፈሳሽን ጠብ እያደረገ የሚለካ ቱቦ) ያለው ሰው ግን በራሱ በኢዲቲኤ ሊለካው ይችላል። 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ተወስዶ በአሞኒያ ባፈር (ፒኤችን በአንድ ልክ በሚያቆይ ፈሳሽ) ፒኤቹ 10 ይደረግና ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የተባለው አመልካች ጥቂት ይጨመርበታል፤ ውሃው የወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል። በአንድ ሊትር 3.72 ግራም ዳይሶዲየም የሟሟበት ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ቀይነቱ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፤ ከዚያም በአንዲት ጠብታ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። እዚያ ላይ ይቆማል። የወረደው ሚሊ ሊትር በ20 ሲባዛ፣ በካልሲየም ካርቦኔት የተሰላውን ጥንካሬ በሊትር በሚሊግራም ይሰጠናል። ለምሳሌ 15 ሚሊ ሊትር ከወረደ ጥንካሬው 300 ነው።

አንድ ግራም ዳይሶዲየም ወደ 270 ሚሊግራም የሚጠጋ ጥንካሬ ይይዛል። ስለዚህ ጥንካሬው 300 የሆነ 100 ሊትር ውሃ ወደ 112 ግራም ይፈልጋል፤ ጥንካሬው 80 ለሆነው 30 ግራም ይበቃው ነበር፣ ሆኖም ለብረቱና ለመከላከያው ሲባል እኔ ከ50 ግራም አልወርድም። ከ200 ግራም በላይ የሚጠይቅ ውሃ ካጋጠመ ደግሞ ዱቄት ከመጨመር ይልቅ ውሃውን አስቀድሞ ማከም ይሻላል።

አጨማመሩም የራሱ ሥርዓት አለው። ከውሃው ላይ አምስት ሊትር ያህል ተቀንሶ ለብ ይደረግና ዱቄቱ እስኪጠራ ድረስ ይሟሟበታል፤ ከዚያም በርሜሉ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ቴክሳፖኑ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ፈሳሹ ከወፈረ በኋላ የተበተነ ዱቄት ከሥር እንደ አሸዋ ይቀመጣል። በመጨረሻ ፒኤቹ ተለክቶ በሲትሪክ አሲድ ይስተካከላል። በላብሳ ለሚሠራ የዕቃ ማጠቢያ ግን ላብሳው አስቀድሞ በኮስቲክ ሶዳ አሲድነቱ ይሰበር፤ ኃይለኛ አሲድ ውስጥ የገባ ኢዲቲኤ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ከበረኪና ጋርም አይቀላቀል፤ በረኪናው ራሱን ኢዲቲኤውን ይሰባብረዋል።

ኢዲቲኤ ከሳሙና ውጭም ሥራ አለው። በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ጥጥ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲነጣ፣ ክሩ ላይ የቀረ ብረት ፐርኦክሳይዱን በአንድ ቦታ በፍጥነት ያፈርሰውና ጨርቁን ይበሳዋል፤ ኢዲቲኤ የሚጨመረው ይህን ለመከላከል ነው። በአበባ እርሻ ብረትን ለተክል ለማድረስ ያገለግላል፤ ሆኖም የአፈሩ ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ብረቱን መልቀቅ ስለሚጀምር ኢዲዲኤችኤ የተባለው ዓይነት ይተካዋል። የደም ምርመራ ናሙና በሐምራዊ ክዳን ብልቃጥ የሚቀዳውም ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ የደሙን ካልሲየም ይዞ እንዳይረጋ ስለሚያደርገው ነው። ቦይለር ውስጥ የተጋገረ ቅርፊትን ቴትራሶዲየሙ በሙቀት ቀስ ብሎ ይፈታዋል፤ ከአሲድ ቢዘገይም ብረቱን ያን ያህል አይበላም። የድሬዳዋ ሰው በሚገባ የሚያውቀውን የማንቆርቆሪያ ነጭ ቅርፊት ለማስለቀቅ ግን ሲትሪክ አሲድ ይበቃል፤ ኢዲቲኤ ለዚያ ማባከን ተገቢ አይመስለኝም።

ዱቄቱ ሲመዘን የዓይን መከላከያና የአፍንጫ ጭምብል ይደረግ፤ በተለይ ቴትራሶዲየሙ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። በዕቃው ላይ ሙሉ ስሙ ይጻፍ፤ "ኢዲቲኤ" ብቻ ማለት አይበቃም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በአሜሪካ፣ ካልሲየም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ በተባለው መድኃኒት ፈንታ ዳይሶዲየሙ በደም ሥር በመሰጠቱ የደም ካልሲየም ወርዶ የሕፃን ሕይወት ጠፍቷል። ቦይለር የታጠበበት ውሃም ወደ ወንዝ አይለቀቅ፤ ኢዲቲኤ በቀላሉ ስለማይፈርስ ያቀፈውን መዳብና እርሳስ ይዞ ከታች ውሃ ወደሚቀዱ ሰዎች ይወርዳል።