የከባድ መኪና የፊት መብራት ማታ አልበቃ ሲል፦ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት

ከአዋሽ አልፎ ወደ ሚሌ ማታ የነዳ ሰው ጨለማው ምን እንደሚመስል ያውቃል። የመንገድ መብራት የለም። ግመል አስፋልት ላይ ይቆማል። የተበላሸ ተሳቢ ከኋላው ድንጋይ ብቻ ተደርድሮለት ታገኛላችሁ። አንድ ሌሊት እንደዚያ ዓይነት ድንጋይ ያየሁት ልወጣበት ጥቂት ሲቀረኝ ነው። የጮኸው ረዳቴ ነው። በማግስቱ አዲስ አምፖል ገዝቼ ገጠምኩ። ማታ ስነዳ ያው ነው። ችግሩ አምፖሉ ጋ አልነበረም። ሻንሲው ላይ የሚታሰረው የኔጋቲቭ ገመድ ዝጎ ነበር።

ስሌቱን አብረን እንየው። በ80 ስትነዱ በሴኮንድ 22 ሜትር ትሄዳላችሁ። አይታችሁ ፍሬን እስክትረግጡ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅ 33 ሜትር ሄደ። የተጫነ መኪና በደህና ፍሬን ለመቆም ሌላ 50 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ድምሩ ከ80 ሜትር በላይ ነው። በአጭር መብራት ደግሞ ጠቆር ያለ ነገር 50 ወይም 60 ሜትር ላይ ከታየ ጥሩ ነው። በ60 ብትነዱ ግን ድምሩ 53 ሜትር ገደማ ይሆናል። መብራቱ እስኪሠራ ድረስ ፍጥነት መቀነስ የመጀመሪያው ጥገና ነው።

ሁለቱም መብራት ደብዝዟል፣ ብርሃኑ ወደ ቢጫ አድልቷል

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልት ማነሱ ነው። የሃሎጅን አምፖል፣ ያ የተለመደው ባለ ክሩ፣ ለቮልት በጣም ስስ ነው። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ10 ሳይሆን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህንን ያወቀ ሾፌር አምፖል ለመግዛት አይቸኩልም።

ሞተር አስነሱ፣ መብራት አብሩ፣ ከዚያ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሁለት ቦታ ለኩ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ። 24 ቮልት በሆነ መኪና 28 አካባቢ ማሳየት አለበት። ከ27 በታች ከሆነ ዲናሞውን ወይም ቀበቶውን አስፈትሹ። ቀጥሎ መብራቱ እንደበራ ከአምፖሉ ኋላ ሶኬቱ ላይ ለኩ። ባትሪው 28 ብሎ ሶኬቱ 25 ካለ ሦስቱ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ያ ማለት የብርሃናችሁ ሲሶ ጠፍቷል።

የት እንደቀረ ለማወቅ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሶኬቱ ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። መብራቱ እንደበራ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ ኔጋቲቩ ጋ ነው። ቡሎኑን ፍቱ፣ ዝገቱንና ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ላዩን ግራሶ ቀቡት። የእኔ ጥገና ይኸው ነበር። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀም። አንዱ ጎን ብቻ የደበዘዘ ከሆነም በዚያው ጎን ኔጋቲቭ ጀምሩ።

ኔጋቲቩ ደህና ከሆነ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ማብሪያው ተበልቷል። በቆዩ መኪኖች የመብራቱ ኃይል በሙሉ መሪው ሥር ባለው ማብሪያ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። መፍትሄው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ። እግሮቹ ቁጥር አላቸው። ከባትሪው ቀጥታ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በፊውዝ አድርጋችሁ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር አስገቡ፤ ከ87 ወደ አምፖሎቹ አውጡ። የድሮው የመብራት ሽቦ 86 ላይ ገብቶ ሪሌውን ማዘዝ ብቻ ይሆናል ሥራው፤ 85 ኔጋቲቭ ነው። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርጉት፤ ሽቦው መሀል ላይ ቢላጥ እሳት የሚከለክለው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በብዙ የጃፓን መኪኖች ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጋቲቩን ነው። እዚያ ላይ ይህ አገጣጠም አይሠራም፤ የሚያውቅ ኤሌትሪሺያን ይያዘው።

ሽፋኑ ገርጥቷል

የፕላስቲክ ሽፋን ፀሐይና የአሸዋ ንፋስ ሲፈራረቁበት ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ቀን ላይ እጃችሁን አስነኩት፤ ሻከር ካለ የመታሻው ጊዜ ደርሷል። በጥርስ ሳሙና አሹት የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ለጥቂት ቀን ያምራል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ ፀሐይ የሚከላከለው ሽፋን ተልጧልና። በደንብ ለመሥራት ውኃ እያስነካችሁ በ800፣ ቀጥሎ በ1500፣ መጨረሻ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሹት። አድርቁና ፀሐይ የሚከላከል ክሊር (ቀለም የሌለው ቫርኒሽ) ቀቡት። ያለ ክሊር ድካሙ ከንቱ ነው።

ከውስጥ ያለው አንጸባራቂ ብርማነቱ ከጠፋ ግን ጥገና የለውም። ያ ብርማ ነገር በጣም ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ነው። በጨርቅ ከጠረጋችሁት ይነሳል። ሙሉ የመብራቱን ቤት መቀየር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያበላሸው ከኋላ ያለው ጎማ ክዳን ወልቆ የገባ ውኃና አቧራ ነው። አምፖል የቀየረ ሁሉ ክዳኑን መልሶ ይግጠም።

ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያርገበግብብኛል

ስድብ አይደለም፤ እያሳወራችኋቸው ነው። የጭነት መኪና ሲጫን ኋላው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ መብራቱም ሰማይ ያያል። ለእናንተም መንገዱ ጨለመ፣ ለመጪውም ዓይኑ ታወረ።

ደልዳላ ቦታ ላይ፣ የጎማው ንፋስ ተስተካክሎ፣ የተለመደውን ጭነት እንደያዛችሁ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቁ። የአምፖሉን መሀል ከመሬት ለኩና ግድግዳው ላይ በዚያው ከፍታ በስኮች ምልክት አድርጉ። አጭር መብራት አብሩ። ብርሃኑና ጨለማው የሚለያዩበት መስመር ከምልክቱ መውረድ አለበት። መብራቱ ከመሬት ከአንድ ሜትር በታች ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከአንድ ሜትር በላይ ከሆነ ከ15 እስከ 20። ከመብራቱ ኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ እያዞራችሁ አምጡት። ጋቢና ውስጥ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት ትንሽ መዞሪያ ካላችሁ ከዚያው ማውረድ ትችላላችሁ። ባዶ ስትመለሱ ወደ 0 መልሱት።

ግድግዳው ላይ ሌላም የምታዩት ነገር አለ። መስመሩ ወደ ላይ የሚሰበረው በየት በኩል ነው? እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ ዳር መነሳት አለበት። ከጃፓን ወይም በግራ ከሚነዳበት ሌላ አገር ያገለገለ መኪና ወይም መብራት ሲመጣ ወደ ግራ ይነሳል። ቀጥታ መጪው ሾፌር ዓይን ውስጥ ነው። ይህን ብሎን አያስተካክለውም። በቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራ የመብራት ቤት ፈልጉ። መሪ ያዟዟሩ ጋራዦች ብዙ ጊዜ ይህን ይረሱታል።

ኤልኢዲ ገጠምኩ፣ ደምቋል፣ ግን ሩቅ አላይም

የሃሎጅን አንጸባራቂ የተሠራው በክር ልክ ነው። ብርሃኑ ከአንዲት ቀጭን ክር፣ ከዚያችው ቦታ፣ ዙሪያውን መውጣት አለበት። ብዙ ርካሽ ኤልኢዲ የሚያበራው በሁለት ጎኑ ነው፤ ቺፑም ቦታውን ይስታል። ብርሃኑ ይበተናል። አፍንጫችሁ ሥር ያለው አስፋልት ነጭ ሲሆን ዓይናችሁ ለዚያ ይጠብና ሩቁ ይጨልማል። በጣርማ በር ተራራ ጉም ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ የሚመስል ነጭ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ግድግዳ ይሆናል። ጥሩ ስም ባለው 24 ቮልት ሃሎጅን ላይ ብትቆዩ ይሻላችኋል። 100 ዋት የሚባለውንም አትግዙ። ሶኬቱን ያቀልጣል።

ጣራ ላይ ፓውዛ መግጠም የግድ ከሆነ ከረጅም መብራቱ ጋር በሪሌ እሰሩት፤ ወደ አጭር ስትመልሱ አብሮ ይጥፋ።

አምፖል በየሳምንቱ ይቃጠላል

መጀመሪያ ቮልት ለኩ። ሞተር ከፍ ሲል ከ29 በላይ ከወጣ ጥፋቱ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው። ቮልቱ ደህና ከሆነ መንቀጥቀጥ ነው። የ24 ቮልት አምፖል ክር ከ12ቱ ይቀጥናል፤ ኮረኮንች ላይ ቶሎ ይበጠሳል። የመብራቱን ቤት ጨብጣችሁ ነቅንቁት። ከተወዛወዘ ማሰሪያውን አጥብቁ። የአምፖሉን ብርጭቆ በጣት አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ያለበት ቦታ ከልክ በላይ ይግላል። ከነካችሁት በአልኮል ጥረጉ።

ብቻዬን ስሆን አያለሁ፣ መኪና ሲመጣ ሁሉ ነገር ነጭ ይሆንብኛል

ይህ ብዙ ጊዜ መብራቱ አይደለም፤ የፊት መስታወቱ ነው። ከውስጥ በኩል በጣታችሁ መስመር አስምሩ። ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ቅባትና የሲጋራ ጭስ ነው የሚያሳውራችሁ። በሳሙና ውኃ እጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ከውጭ ደግሞ የአፋርን አቧራ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ። እያንዳንዷ አሸዋ ትጭራለች፣ ጭረቱም ማታ ኮከብ ይሠራል። ሚሌ ላይ ለሻይ ስትቆሙ ረዳታችሁ መጀመሪያ ውኃ ያፍስበት፤ መስታወቱንም፣ ሁለቱን የፊት መብራቶችም፣ የተሳቢውን የኋላ መብራቶችም።